ከኢንቹ በፊት ርቀቱ ይለካ

በከተማችን ስለ ስክሪን የሚነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ኢንች ነው?» ይባላል። ቴሌቪዥን ሲገዛ «ስንት ኢንች ነው?»፣ ኮምፒዩተር ሲገዛ «ስንት ኢንች ነው?»፣ ጎረቤት አዲስ ዕቃ ሲያስገባም ከ«እንኳን ደስ ያላችሁ» ቀጥሎ የሚመጣው ይኸው ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዋጋ መከራከር ነው። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ከአራተኛ ደረጃ በላይ ሊሰጠው አይገባም ባይ ነኝ። ምሳሌ አድርጌ የማነሣው ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ለመኪና ውድድር ጌም የሚሆኑ ሦስት ሞኒተሮችን ስለ መምረጥ። «ይሄ ደግሞ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምኑ ነው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ለማያውቁት ላስረዳ። ሲም ሬሲንግ የሚባለው በልጅነታችን በጆይስቲክ ግድግዳ ለግድግዳ እየተጋጨን የምንጫወተው ዓይነት አይደለም። መሪ፣ ነዳጅና ፍሬን፣ አንዳንዴም ፍሪሲዮንና ማርሽ ተገጥሞ፣ የመኪናው ክብደትና የጎማው ሙቀት ሳይቀር ተሰልቶ የሚነዳበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣው ግራን ቱሪስሞ ብዙዎችን ወደዚህ ዓለም አስገብቷል። በ2008 አይሬሲንግ፣ በ2014 ደግሞ አሴቶ ኮርሳ በኮምፒዩተር በኩል መጥተዋል። «ጨዋታ ብቻ ነው» ብሎ ለሚንቀው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ኒሳንና ሶኒ ጂቲ አካዳሚ በሚል ስም ባዘጋጁት ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ፣ በ2011 ደግሞ ብሪታኒያዊው ያን ማርደንቦሮ በጌም አሸንፈው እውነተኛ የውድድር መኪና ውስጥ ገብተዋል። የማርደንቦሮ ታሪክ በ2023 ፊልም ሆኖ ወጥቷል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ካዛንችስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤትና የሆቴል ሰፈር ሆና፣ ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ጀርባ ደግሞ የጠባብ ግቢና የቀጭን መንገድ ሰፈር ሆና ኖረች። በእነዚያ ቀጭን መንገዶች ውስጥ አንድ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ያላቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ካዛንችስ ሲደርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። የፕሌይስቴሽን ቤቶቹም አብረው ተበተኑ። ስለ ልማቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነዚያ ቤቶች ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

በእነዚያ ቤቶች ያደጉ የማውቃቸው ልጆች አሉ። አሁን ቂርቆስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ሥራ ሊጀምሩ ነው። ገንዘቡ የእቁብ ገንዘብ ነው፤ የአንድ ዓመት የጋራ ጥሪት። ያሰቡት ደግሞ መሪና ፔዳል ያለው፣ ሦስት ስክሪን የተደረደረለት የመኪና ውድድር ወንበር አስቀምጦ በዙር ማስከፈል ነው። ሐሳቡ የቅዠት ሐሳብ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቀድሞም ሩቅ የነበረው የመኪና ነገር ለአንድ ወጣት ይበልጥ ርቋል። መሪ መያዝ የሚፈልግ ልጅ ግን ሞልቷል። ችግሩ፣ ልጆቹ ስክሪን ሊገዙ ሲዞሩ የሚሰሙት ያችኑ የተለመደችውን ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ ሱቅ «32 ኢንች ከርቭ ውሰዱ» ይላል፤ ሌላው «አንድ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ይበቃችኋል» ይላል። ሁለቱም ክፍሉን አላዩትም። ሁለቱም «ከዓይናችሁ ስንት ሴንቲ ይርቃል?» ብለው አልጠየቁም።

ለመሆኑ ሦስት ስክሪን ለምን አስፈለገ? መኪና የነዳ ሰው ወይም ከሹፌር ጎን የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሹፌር የሚነዳው ፊት ለፊት ባለው መስታወት ብቻ አይደለም። ስፖኪዮ ያያል፤ በጎን መስኮት ማን እየተጠጋው እንደሆነ በዓይኑ ጥግ ያያል። ኩርባ ሲዞር የሚያየው አፍንጫው ፊት ያለውን ሳይሆን የኩርባውን መውጫ ነው፤ ያ መውጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጎን መስኮት በኩል ነው የሚገኘው። በአንድ ስክሪን ከተነዳ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖራል። አንደኛው፣ እይታውን በትክክለኛው መጠን አድርጎ እንደ ፖስታ ሣጥን ቀዳዳ በጠበበ መስኮት መንዳት ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ነገር እንዲገባ ምስሉን ማጨናነቅ ነው። ያን ጊዜ ቅርብ ያለው ሩቅ ይመስላል፤ ፍጥነትና ርቀት ይዛባሉ፤ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ይጠፋል።

እንግዲህ ቁጥር ውስጥ እንግባ። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ትሪጎኖሜትሪ ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። ባለ 27 ኢንች የተለመደ ሞኒተር ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቀመጥ የሚሸፍነው 53 ዲግሪ ያህል ነው። ሦስቱ ሲደረደሩ 159 ዲግሪ ይሆናል። ባለ 32 ኢንቹ ስፋቱ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት 54 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ልዩነቱን አያችሁት? የለም ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚናቀውን ባለ 24 ኢንች እንውሰድ። ስፋቱ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 56 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ሦስቱ 168 ዲግሪ። ቀረብ ብሎ የተቀመጠ 24 ኢንች ራቅ ብሎ ከተቀመጠ 32 ኢንች የበለጠ ያሳያል ማለት ነው። 55 ኢንች ቴሌቪዥኑስ? አንድ ሜትር ርቀት ላይ 63 ዲግሪ አይሞላም። የሦስቱን ትንንሾች ግማሽ እንኳን አይደርስም።

«ትልቁ እኮ ጥራት አለው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሱም ቢሆን በስሌት ይታያል። ሁለቱም ሞኒተሮች በአግድም 1920 ነጥብ ካላቸው፣ ዓይን የሚያገኘው ጥራት የሚወሰነው ነጥቦቹ በስንት ዲግሪ ላይ እንደተዘረጉ ነው። 27 ኢንቹ በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ለአንድ ዲግሪ 36 ነጥብ ይሰጣል፤ 24 ኢንቹ በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ 34 ነጥብ ይሰጣል። እኩል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ለትልቁ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚገዛው ምቾትን ነው፤ ማለትም ራቅ ብሎ መቀመጥን። ቦታ ላለው ሰው ጥሩ ነገር ነው። ለአንድ ጠባብ የቂርቆስ ክፍል ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሦስት 24 ኢንች በትክክለኛው ማዕዘን ሲታጠፉ ከግድግዳው ላይ የሚወስዱት 112 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሦስት 32 ኢንች ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋሉ። ኪራይ በሚከፈልበት ክፍል ውስጥ ያ ልዩነት የአንድ ተመልካች ወንበር ቦታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። መሪው በእናንተና በስክሪኑ መካከል ይገባል። ስለዚህ 50 ሴንቲ ሜትር የሚቻለው ሞኒተሮቹ ከመሪው ጀርባ ተጠግተው፣ ከመሪው ጋር ሳይሆን በራሳቸው እግር ሲቆሙ ነው። ከመሪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡማ መሪው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስክሪኑም ይንቀጠቀጣል። ለዚህ የውጭ አገር መቆሚያ ማስመጣት አያስፈልግም፤ አንድ ጎበዝ በያጅ ከቱቦላሬ ብረት ይሠራዋል። ከሞኒተሩ ጀርባ የሚገኙት አራት የብሎን ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሴንቲ ሜትር ካሬ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዳንዱ ሞኒተር ግን ቀዳዳው ጭራሽ የለውም። ከመግዛት በፊት ገልብጦ ማየት ነው። ማዕዘኑን ለማስተካከል ደግሞ ሲባጎ ይበቃል። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ ከዓይኑ አጠገብ ሲባጎ ተይዞ የሦስቱም ሞኒተሮች መሐል ድረስ ይዘርጋ። ሦስቱም ጋ እኩል ከደረሰ ተስተካክሏል። ከዚያ ስፋቱን፣ ርቀቱንና ማዕዘኑን ጌሙ ውስጥ ማስገባት ነው።

ስለ ጠርዝ ደግሞ ላንሣ። ሦስት ስክሪን ሲገጠም በመካከላቸው ሁለት ጥቁር መስመሮች ይቆማሉ። አንድን ሥዕል በሦስት ከፍሎ ማሳየት ለሰፈራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ሦስት ክፍል ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። እዚያ ክፍፍሉ አይረብሽም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ነገር ይናገራልና። በመኪና ውድድር ግን ጥቁሩ መስመር የሚቆመው ልክ ኩርባው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ጠርዙ የቀጠነ ሞኒተር ፈልጉ። ከዚያ የተረፈውን ጌሙ ወይም የግራፊክስ ካርዱ ሶፍትዌር ያስተካክለዋል፤ ከጠርዙ ጀርባ ያለውን ምስል ደብቆ መንገዱ ሳይሰበር እንዲያልፍ ያደርጋል። እውነተኛ መኪናም እኮ በመስታወቶቹ መካከል ብረት አለው። ጠርዙ ቀጭን ከሆነ ዓይን በጥቂት ቀናት ይለምደዋል።

ከርቭ የሚባለው የታጠፈ ስክሪንስ? ለአንድ ስክሪን ብቻ ከሆነ መልካም ነው፤ ከሁለት 27 ኢንች ጋር እኩል የሆነው ባለ 49 ኢንች ሰፊ ሞኒተር ያለ ጠርዝ የሚያምር ነገር ነው። ግን ዋጋው ዋጋ ነው፤ ከተበላሸ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይቆማል። ከሦስቱ አንዱ ቢበላሽ ግን በአንዱ መሥራት ይቻላል፤ ቤቱ አይዘጋም። ለሦስት ስክሪን ብዬ ከርቭ ግዙ አልልም። ብዙዎቹ ጌሞች ሲያሰሉ ስክሪኑ ጠፍጣፋ እንደሆነ ቆጥረው ነው። ማዕዘኑን የምትሰጡት እናንተ ስትሆኑ፣ ስክሪኑ በራሱ ደግሞ ሲታጠፍ ስሌቱ በትንሹም ቢሆን ይዛነፋል። ለዚያ ተጨማሪ መክፈል ምን ይሉታል?

ሌላው ዋና ጉዳይ ሦስቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። አንድ ኩባንያ ብቻ ሳይሆን አንድ ሞዴል። አለዚያ አንዱ ሰማዩን ሰማያዊ፣ ሌላው ግራጫ ያደርገዋል፤ የአንዱ ጠርዝ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ይላል። «አሁን አንድ እንገዛለን፣ ሌሎቹን በሚቀጥለው እቁብ» የሚለው ሐሳብ ልብ የሚነካ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ በሚቀጥለው እቁብ ያ ሞዴል ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ካዛንችስና ቂርቆስ ዕድል አላቸው። የመሥሪያ ቤት ሰፈር ነው። መሥሪያ ቤት ሞኒተር የሚገዛው በጅምላ፣ በአንድ ሞዴል ነው፤ ሲያስወግድም በጨረታ ነው፤ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ጨረታ የሚያሸንፉት ነጋዴዎች ስለሆኑ እነሱ ጋ ሄዶ «አንድ ዓይነት ሦስት አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያገለገለ ሲገዛ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይሰኩ። ነጭ ምስል ይከፈትና ቢጫ ያደረገ ካለ ይታይ፤ ጥቁር ምስል ይከፈትና በጠርዙ ብርሃን የሚያፈስ ካለ ይታይ። ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ። ሻጩ «ምን ሆናችኋል?» ቢል አትፈሩ፤ የእቁብ ገንዘብ ነው።

በውስጡ ያለውን ፓነልም መጠየቅ ያስፈልጋል። አይፒኤስ የሚባለው ከጎን ሲታይ ቀለሙ አይቀየርም፤ ለጎን ስክሪኖችና ከኋላ ቆሞ ለሚያይ ሰው የተሻለው እሱ ነው። ቪኤ ጥቁሩ ጥሩ ነው፤ ግን በሌሊት ውድድር ላይ ጨለማው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጭራ ያበጃል። ቲኤን ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ዓይን ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ግን ቀለሙ ይቀየራል። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅና ሰላሳ ዓመት ጎልማሳ በየተራ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሄርዝስ? ይኸኛው በእርግጥ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው። 60 ሄርዝ ማለት በሴኮንድ 60 ምስል፣ በየ16.7 ሚሊሴኮንዱ አንድ ምስል ማለት ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ቅጽበት 93 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በ144 ሄርዝ ግን በሁለት ምስሎች መካከል የሚያልፈው 39 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለዓይን ይታያል፤ በተለይ ምስሉ በፍጥነት በሚያልፍባቸው በጎን ስክሪኖች ላይ። የመሥሪያ ቤት ሞኒተሮች አብዛኞቹ 60 ወይም 75 ሄርዝ ናቸው፤ ለመጀመር ይበቃሉ። አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ኢንች ቀንሶ ሄርዝ ቢጨምር ያተርፋል።

አሁን ሻጮች ብዙ ጊዜ የማያነሡት ነገር ላይ ደርሻለሁ። ፕሌይስቴሽን 5 ምስል የሚያወጣው በአንድ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ነው። ሦስት ስክሪን አንድ መንገድ አድርጎ አያሳይም። ስፕሊተር የሚባለውን ማከፋፈያ ብትገዙ አንዱን ምስል ሦስት ጊዜ ያሳያችኋል፤ ሦስት ቦታ አንድ ዓይነት መሪ ማየት ነው ትርፉ። በ2010 የወጣው ግራን ቱሪስሞ 5 ብዙ ፕሌይስቴሽን 3ዎችን በማገናኘት በብዙ ስክሪን ይሠራ ነበር፤ ግን ለእያንዳንዱ ስክሪን አንድ ማሽን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሦስት ስክሪን ማለት ኮምፒዩተር ማለት ነው፤ ኮምፒዩተር ማለት ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማትሮክስ በአንድ ትንሽ ሣጥን፣ በ2009 ኤኤምዲ፣ በ2010 ኤንቪዲያ በካርዳቸው ሦስት ስክሪንን እንደ አንድ የሚያደርግ ዘዴ አውጥተዋል። ዛሬ ያ የተለመደ ነገር ነው።

ካርዱ የሚሸከመው ሸክም ግን በነጥብ ይቆጠራል። ሦስት ባለ 1080 ስክሪኖች በድምሩ 6.2 ሚሊዮን ነጥብ አላቸው፤ ከአንድ ፎርኬ ስክሪን ያነሰ ነው፤ እሱ 8.3 ሚሊዮን ነውና። ሦስት ባለ 1440 ሲሆኑ ግን 11 ሚሊዮን ያልፋል። ያን በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ የሚሥል ካርድ ዋጋው ከሦስቱም ሞኒተሮች ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ስክሪን ስትመርጡ ካርድም እየመረጣችሁ እንደሆነ አትርሱ። ቀዳዳውንም እዩ። አዲሶቹ ካርዶች ላይ የሚገኘው ዲስፕሌይ ፖርትና ኤችዲኤምአይ ነው፤ ቪጂኤ ብቻ ያለው አሮጌ ሞኒተር መቀየሪያ ያስፈልገዋል፤ ርካሽ መስሎ የተገዛው ነገር በሦስት መቀየሪያ ዋጋ ይወደዳል።

የመብራት ነገር መቼም አይቀርም። ባለ 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር የሚበላው ከ20 እስከ 30 ዋት አካባቢ ነው፤ ሦስቱ ከአንድ የድሮ አምፖል ብዙም አይርቁም። ኮምፒዩተሩ ግን ጭነት ሲበዛበት ብዙ መቶ ዋት ይጠይቃል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ጉዳቱ የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ የምትገዙ ከሆነ ለኮምፒዩተሩ ይሁን፤ ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ መደርደር ይቅር።

በቪአር መነጽር ይሻላል የሚሉም አሉ። ለብቻ ለሚጫወት ሰው ምናልባት እውነት ነው። ለጌም ቤት ግን አልስማማም። አንዱ ያላበውን መነጽር ሌላው ፊቱ ላይ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስጠላ ልተወው። ዋናው ምክንያት የኛ ጌም ቤት ሲሠራ የኖረው ለተጫዋቹ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንድ ሰው ሲጫወት ስድስቱ ቆመው ያያሉ፤ ይመክራሉ፤ ይሳደባሉ፤ ተራ ይጠብቃሉ። መነጽር ያን ይገድለዋል። እርግጥ ሦስት ስክሪንም ቢሆን ምስሉ ትክክል የሚሆነው ለተቀመጠው ሰው ዓይን ብቻ ነው፤ ከኋላ ላለው ጎኖቹ የተለጠጡ ይመስላሉ። ለዚህም ነው ልጆቹን አንድ ነገር አጥብቄ የመከርኳቸው፤ ረጅም ደንበኛና አጭር ደንበኛ ሲመጣ ወንበሩን አታንቀሳቅሱ፤ ፔዳሉን አንቀሳቅሱ። ወንበሩ ከተነሣ ዓይን ይነሣል፤ ዓይን ከተነሣ ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነው።

«በዚህ ኑሮ ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሞኒተር ደግሞ እዚህ አይሠራም። እኔ ግን የምደመድመው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ዕቃ በተወደደ ቁጥር ተሳስቶ መግዛት የበለጠ ይጎዳል። ሀብታም ያልሆነለትን ስክሪን ለወንድሙ ይሰጥና ሌላ ይገዛል። የእቁብ ልጅ ሁለተኛ ዕድል የለውም። መረጃ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው፤ መረጃ የማይደርሰውም ለእሱ ነው። ጌሙ ሹፌር ያደርጋል አላልኩም፤ መንጃ ፈቃድም አይሆንም። የወላጆችንም ስጋት አልንቅም፤ ትምህርት ትቶ እዚያ የሚውል ልጅ አለ። እሱ ግን ሰዓት በመወሰን የሚፈታ ነው፤ ስክሪን በመሳሳት አይደለም።

ሻጮቹንም ሌባ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሻጭ የተጠየቀውን ይመልሳል። እኛ ኢንች ስንጠይቀው ኢንች ይሸጥልናል። ጥያቄውን የሚያስተምር ሰው ግን ሊኖር ይገባል፤ እዚህ ላይ ነው የኛ የትምህርት ክፍል የሚመጣው። ዜና እንዴት እንደሚጻፍ፣ ባለሥልጣን እንዴት እንደሚጠየቅ ተምረናል። ሰው በየቀኑ ገንዘቡን አውጥቶ ስለሚገዛው ነገር በአማርኛ ለክቶ፣ አወዳድሮ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። የምናነበው ብዙ ጊዜ ወይ ማስታወቂያ ነው ወይ ከውጭ ተገልብጦ የመጣ ነገር ነው። የተገለበጠው ደግሞ የክፍላችንን ስፋት፣ የመብራታችንን ጠባይ፣ የእቁብን ነገር አያውቅም።

አንዳንድ መምህራን «የዕቃ ጽሑፍ ወደ ማስታወቂያ ይንሸራተታል» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስጋቱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሜዳውን ለማስታወቂያ መተው አይመስለኝም። ደንብ ማውጣት ይቻላል። ጸሐፊው ከሻጭ ምንም አይቀበል፤ የሱቅ ስም አይጥራ፤ የለካውን በቁጥር ያስቀምጥ፤ አንባቢ ራሱ ሊደግመው የሚችለውን ስሌት ያሳይ። ይህች መጽሔት በየእትሙ አንድ ገጽ ለዚህ ብትሰጥ፣ ዛሬ ሞኒተር፣ ነገ የውኃ ማጣሪያ፣ ከነገ ወዲያ የሶላር መብራት ብትለካ፣ ከብዙ የቃለ መጠይቅ ገጽ የበለጠ ትነበባለች ብዬ አምናለሁ። የገጹን ስም «ሳንገዛ እንለካ» ብንለውስ?

ለቂርቆስ ልጆች የሰጠሁት ምክር ይኼ ነው። አስቀድማችሁ ወንበሩንና መሪውን አስቀምጡ፤ ከዓይን እስከ መሪው ጀርባ በሜትር ለኩ። ከ50 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 24 ኢንች፣ 60 ከሆነ 27 ኢንች ይበቃችኋል። ጠፍጣፋ፣ አይፒኤስ፣ ባለ 1080፣ ጠርዙ ቀጭን፣ የጀርባ ቀዳዳ ያለው፣ ሦስቱም አንድ ሞዴል፣ በአንድ ቀን የተገዛ። ገንዘብ ከተረፈ ሄርዝ ጨምሩ፤ ከዚያም ከተረፈ ለፔዳሉ አውሉት። ኢንቹ በመጨረሻ ራሱ ይመጣል።

ልጆቹ እስካሁን አልገዙም። ክፍሉን ለክተው ቁጥሩን ልከውልኛል፤ 54 ሴንቲ ሜትር።